ከአጥር ማዶ የሚጠራ ስም

አንኮበር፣ ረቡዕ፣ መስከረም ፳፪ ቀን ፲፰፻፸፯ ዓ.ም.፣ ረፋድ

ዛሬም አቡጀዴ። የድንኳኑን ጣሪያ ከገብሬ ጋር ከሁለት ጫፍ ይዘን እንሰፋለን። መሀል ላይ ስንገናኝ ምሳ ይሆናል። ባሌ ሲሰፋ ይቸኩላል፣ እኔ አጠብቃለሁ፤ ስለዚህ መገናኛው ሁልጊዜ ወደ እኔ ይቀርባል። ጉሙ ከቆላ ወጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆሟል። ባሕሩ ዳር ሳለን እንዲህ ያለ ብርድ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ሴቶች በር ላይ ቆመው ያያሉ። ሰላም ብለው አይሄዱም። እዚህ ስፌት የወንድ ሥራ ነው። አንዷ ገብሬን እጅህን አሞህ ነው ወይ ሚስትህን የምታሰፋት አለችው። ከእኔ ስለምትሻል ነው አላት። ከት ብለው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ የማን ነሽ? የማን ልጅ ማለታቸው ነው ወይስ የማን ንብረት? ከድምፃቸው አይለይም። ከባሕሩ አገር መጣን፣ የግምጃ ቤቱ አዛዥ ድንኳን ስፉ ብሎ አስመጣን እላለሁ። እውነት ነው። ሙሉው አይደለም። በመንደሩ ስም ወጥቶልናል አሉ፤ ጥቁሮቹ ፈረንጆች።

ማክሰኞ፣ መስከረም ፳፰፣ ከሰዓት በኋላ

እሜቴ ጥሩነሽ ዘንድ ዋልኩ። የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው በዘመቻ የሞቱባቸው፣ ርስት ያላቸው፣ ያላወቁትን ሳይጠይቁ የማያድሩ ሴት። (ከእንግዲህ እ/ጥሩነሽ ብዬ እጽፋለሁ። ወረቀት እንደ ልብ አይገኝም።)

ፈትል ሊያስተምሩኝ ነበር። እንዝርቱን ሳሽከረክር ክሩ ይበጠሳል። መርፌ የምትይዝ፣ እንዝርት የማትይዝ ሴት ምን ዓይነት ፍጥረት ናት አሉ። ክሩን ቋጥሬ ደግሜ ጀመርኩ።

ደብተሬ፣ እኔ ግን ሌላ ነገር ሳይ ነበር። እጄን ይዘው ሲያሳዩኝ ክንዳቸው ከክንዴ ጎን ነበር። አንድ ነው። እንዲያውም የእሳቸው ትንሽ ይጠቁራል። ቆይተን ስለ መልክ ስናወራ ራሳቸውን ጠይም አሉ፤ እኔን ጥቁር። ክፋት የለውም፣ ዛሬ ይበርዳል እንደማለት ነው። ወደ ቤት ስመለስ ሳሰላስለው መጣሁ። ዓይናቸው ምንድን ነው የሚያየው? ቆዳውን እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። አባት ነው የሚያዩት መሰለኝ። አባቴን የሚያውቅ ስለሌለ ጥቁር ሆንኩ። ነገ አባት ቢገኝልኝ ከነገ ወዲያ እጠይማለሁ።

ለገብሬ ነገርኩት። ሳቀ፤ ቀጥሎ የራሱን ክንድ ገልጦ አየ።

እሑድ፣ ጥቅምት ፫

ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ የምሰማው ነገር አለ። እ/ጥሩነሽ «እሱ ያውቃል!» ብለው ይጣራሉ። ከጓሮ የሴት ድምፅ «የልቤን!» ብሎ ይመልሳል። ስም ነው። ለባሪያ እንዲህ ያለ ስም ይወጣል፤ ጌታው ግማሹን ይጠራል፣ ባሪያው ቀሪውን ይመልሳል። ፈጣሪ በየጥሪው እንዲመሰገን ነው ይላሉ። ሌላው ሰው ሲጠሩት አቤት ብሎ ይመጣል። እሷ ግን የጌታዋን ምስጋና ሳትጨርስ አትመጣም።

ምንጩ ዳር አገኘኋት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ዝምተኛ። እሷም እንደ እኔ ጥቁር ናት፣ የእውነቱ ጥቁር፣ አባት የሌለው። እርስዎ አለችኝ። እንዳትለኝ ፈለግሁ። ደግሞ ደስ አለኝ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ እንዴት ይሆናል?

ደብተሬ፣ ይኸን ለአንቺ ብቻ ልጻፍ። እኔም እንዲህ ያለ ስም ነበረኝ። በልጅነቴ ከአገሬ ወስደውኝ በጌምድር፣ አንድ ትልቅ ቤት አደግሁ። እመቤቲቱ «ምን ይሳነዋል!» ሲሉ «ለፈጣሪ!» እያልኩ እሮጥ ነበር። ኋላ ነጋዴ ወደ ባሕሩ ወሰደኝ። እዚያ የፈረንጅ ሚስዮን አስጥሎኝ ነጻ ወጣሁ፣ ፊደል ቆጠርኩ፣ ሐና ተባልኩ፣ ገብሬን አገባሁ። ገብሬም እንደኔው ነው፣ ግን ገና ሕፃን ሳለ ስለተለቀቀ እንዲህ ያለ ስም አልደረሰበትም።

አንኮበር ይኸን አያውቅም። ባያውቅ ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፮

ሆዴ ገፍቷል። ኅዳር ሳይወጣ እወልዳለሁ። እናት የለኝ፣ እህት የለኝ። ገብሬ ድንኳን እንጂ ሌላ አያውቅም።

እ/ጥሩነሽ የመጡት ስለዚሁ ነው። የሴቶቹ የማርያም ማኅበር ሙሴ፣ ማለት አለቃ፣ እሳቸው ናቸው። ግቢ አሉኝ። ማኅበርተኛ ስትወልድ ሴቶቹ ይመጣሉ፤ አዋላጅ ያመጣሉ፣ ማርያም ማርያም ይሉላታል፣ ገንፎ ያገነፋሉ። የክርስትና እናትም ከመሀላቸው ትገኛለች። ማኅበር የሌላትስ? ብዬ ጠየቅሁ። አንገታቸውን ነቀነቁ። ባል አላት አሉ፤ ገብሬን አይተው ደግሞ ማርያም ትርዳት አሉ።

ሐሙስ በእንግድነት እቀመጣለሁ። በኅዳር ጽዮን ማኅበርተኛው ከተስማማ ጽዋውን በእጄ ይዤ እገባለሁ። ያን ጊዜ የአንኮበር ሰው ነኝ፣ ልጄም የአንኮበር ልጅ። እንዲህ አጥብቄ የፈለግሁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፳፩፣ ወደ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እ/ጥሩነሽ ቤት። ቄሱ ባርከው ጸበል ረጩ። ዳቦ ተቆረሰ። ከእ/ጥሩነሽ አጠገብ፣ መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። እህታቸው እሜቴ አስካለ ከደ/ብርሃን በበቅሎ መጥተዋል፣ ከነአሽከሮቻቸው። ስለ ውርጭና ስለ ገብስ ይወራል። ሁሉም መልካም ነው። ጽዋው ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። ጠላው ቀዝቃዛ ነበር።

እሜቴ አስካለ በረዳቸው መሰለኝ፣ ደጅ ያለችውን ገረዳቸውን ተጣሩ። «ምን ይሳነዋል!»

«ለፈጣሪ!»

ከደጅ የመጣው ድምፅ የልጅቱ ነው። ከመደቡ ላይ የወጣው የእኔ ነው። እኩል ነው የወጣው። ቆሜያለሁ፤ ጽዋው እጄ ላይ ዘንበል ብሎ ጠላው ቀሚሴ ላይ ይወርዳል። ለመሮጥ አንድ እግሬን አስቀድሜያለሁ። ልጅቱ በርኖሱን ይዛ ገባች፣ አየችኝ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሜቴ አስካለ ብቻ ሳቅ አሉ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ የገባው ሰው ሳቅ እንጂ። እ/ጥሩነሽ ፈጥነው ስለ ገብሱ ቀጠሉ። ተቀመጥኩ። ጽዋውን ከእጄ የተቀበለችው ሴት ከመጠጣቷ በፊት አፉን በነጠላዋ ጠረገችው።

ያን ቤት ከለቀቅሁ ስንት ዘመኔ ነው። አፌ ግን አልለቀቀም። አፈርኩ። በማፈሬ ደግሞ ተናደድኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፳፪

እ/ጥሩነሽ ገና በጠዋት መጡ። አልተቆጡም። ይብሱን አቀፉኝ። መላ አግኝተዋል። በኅዳር ጽዮን ስትጠየቂ እንዲህ በይ አሉ፤ ምን ይሳነዋል የምትባል ገረድ በአባቴ ቤት ነበረችን፣ እየቀለድኩ ከእሷ ጋር መመለስ ለምዶብኝ ነው በይ። ማርያምን ብለሽ ማይ። አለቀ። ባሪያ የነበረው ቤት ልጅ ትሆኛለሽ፣ አፍ ሁሉ ይዘጋል።

እያዘኑልኝ ነው የሚናገሩት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ወድጃቸዋለሁ። ከአጥሩ ማዶ ግን ያቺ «የልቤን» እያለች የምትመልሰው ሴት እየፈጨች ነበር። የወፍጮው ድምፅ እስኪሄዱ አላቋረጠም።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፳፭

ገብሬ ማይ ይላል። ልጁን አስቢ። ቃል ነው፣ ቃል አይገድልም። አንተ በዚያ ስም ተጠርተህ አታውቅም አልኩት። ቀኑን ሙሉ ሳንነጋገር ሰፋን። መሀል ላይ ስንገናኝ መርፌውን ነቅሎ ወጣ።

ብቻዬን ስሆን የሚያሳፍር ነገር ሠራሁ። ውሸቱን ልለማመድ ብዬ ተነሣሁ። እመቤት እንደሆንኩ፣ ወገቤን ይዤ፣ ቀስ ብዬ «ምን ይሳነዋል» ብዬ ተጣራሁ። ከጠሪው ወገን ሆኖ እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ ነው። ጣፈጠኝ? ትንሽ። አዎ። መልሱን ጠበቅሁ። ማንም ስላልመለሰ ከፋኝ።

ደብተሬ፣ ፈራሁ። እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪፣ የሚካኤል ዕለት

ምንጭ ወረድኩ። ያቺ ሴት አለች። እንሥራዬን ተቀብላ ሞላችልኝ። አንቺ አለችኝ፤ እንዲህ ሆነሽ ውኃ ትቀጃለሽ? መጀመሪያ ቆረቆረኝ፤ እስከዛሬ እርስዎ ነበርኩ። ዳገቱን ስወጣ ግን ወደዚህ አገር ከመጣሁ እንዲህ ያለ አንቺ ማንም እንዳላለኝ አሰብኩ።

የእ/ጥሩነሽን ምክር ሰምታዋለች። እኔ ብሆን እምላለሁ አለችኝ። አልወቀሰችኝም። እመቤቷ የልጅ ልጅ ባዩ ቁጥር ያዋለደች እሷ መሆኗንም ነገረችኝ። የማኅበሩ አዋላጅ እሷ ናት። ማኅበር ግን ገብታ አታውቅም። እንዴት ይሆናል ብዬ ጠየቅኋት። በጓሮ በር እገባለሁ፣ በጓሮ በር እወጣለሁ አለች።

ዓርብ፣ ኅዳር ፳

አልወሰንኩም። ወገቤን ያመኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን

ለዚያ ስም ለምን እንደመለስኩ ተጠየቅሁ። ጽዋው በእጄ ነበር። እ/ጥሩነሽ በዓይናቸው አይዞሽ ይሉኛል። የቃሉ መጀመሪያ ተዘጋጅቷል፤ በአባቴ ቤት። በአባቴ ቤት ለማለት አፌን ስከፍት አባቴ ትዝ አለኝ። ፊቱ አይደለም፣ ፊቱ ጠፍቶብኛል። ትከሻው። ገረድ የሚያሳድር ቤት አልነበረውም። በላዩ ውሸት ልጨምር አልቻልኩም።

«ስሜ ነበር» አልኩ። «አሁን ሐና ነኝ።»

ማንም አልሰደበኝም። አዘኑልኝ፣ ይኸኛው ይብሳል። እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ። ቄሱ በማርያም ፊት ሁሉ አንድ ነው አሉ፤ ሴቶቹ አሜን አሉ። አሜን ብለው ሲያበቁ ጽዋውን በቀስታ ከእጄ ወሰዱ። በር አጠገብ፣ አሽከሮች ከሚቀመጡበት፣ በሸክላ ጠላ ቀዱልኝ። በየወሩ እዚያ መቀመጥ እችላለሁ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ሸክላውን እንደሞላ መሬት አስቀምጬ ወጣሁ። እ/ጥሩነሽ ቀና ብለው አላዩኝም። በዚህ በጣም ተጎዳሁ። ገብሬ ምን ሆነሽ አላለኝም። ፊቴን አይቶ እሳቱን አነደደ፤ ከእንግዲህ ማይ አልልሽም አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር ፳፪

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጥሩ ተንኳኳ። ያቺ አዋላጅ ናት። በቀዳዳው በኩል እጇን አስገብታ ሆዴን ዳሰሰችው፣ ከላይ፣ ከጎን። ወርዷል አለች። ሲጀምርሽ ጥሪኝ።

እመቤትሽስ? አልኩ። አሰበች። መጥራት እንጂ መከልከል ለምደው አያውቁም አለች።

ምን ብዬ ልጥራሽ? እሱ ያውቃል ብዬ አልጠራሽም፣ አፌ እሺ አይለኝም። እጇ ሆዴ ላይ ቆመ። እናቴ ቦንቱ ነበር የምትለኝ አለች። ይኸ ስም በዚህ ግቢ ተጠርቶ አያውቅም። የአንቺስ? ብላ ጠየቀችኝ። የእኔን አላስታውስም። ስነግራት አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። እጇ ግን በአጥሩ ቀዳዳ ቆየ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፳፮፣ ማለዳ

ጀመረኝ። ጉም ነው፣ አጥሩ እንኳ በደንብ አይታይም። ገብሬ እንደ እብድ ይዞራል። ወደ እ/ጥሩነሽ ልሩጥ፣ ይለመናሉ፣ ልባቸው ደግ ነው ይላል። ደግ ናቸው። አልላክሁትም።

ራሴ ወጣሁ። አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ሕመሙ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ቦንቱ!» አልኩ።

መጀመሪያ የተከፈተው የእ/ጥሩነሽ በር ነው። ነጠላቸውን ሳይደርቡ ወጡ። ስሙን አያውቁትም፤ ማን እንደተጠራ ለማወቅ ግቢውን ያያሉ። ደግሜ ጠራሁ። ወፍጮው ቆመ።

ይኸን የምጽፈው መደቡ ላይ ተጋድሜ ነው፣ እየገባች ስለሆነ መጻፌን ማቆም አለብኝ። ብቻ መልሷ እንዳይጠፋብኝ። የልቤን አላለችም። አቤትም አላለችም። በእመቤቷ ፊት፣ በዋናው በር እየወጣች፣ እህቷ እንደጠራቻት ሴት «ወዬ»