ትኩሳት ያለባት ላፕቶፕ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 5። ጠዋት።

ጥብቅ መግለጫ። ለሆሳዕና ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፦ በዛሬው ዕለት የቤታችን ላፕቶፕ ዳንቴል ለበሰች። አንዱ ከሥሯ ተነጥፏል፣ ሌላው ከላይ ይሸፍናታል። ጠርዙ አበባ አለው። የሠራችው ባለቤቴ አስቴር ናት። የተጎዳ ሰው የለም።

ቴሌቪዥኑ ከለበሰ ቆይቷል። ሬዲዮኔም ለብሷል። ራቁታችንን የቀረነው እኔና ድመቷ ነን፣ ደብተሬ።

ላፕቶፗ የልጅ ልጄ የአማኑኤል ናት። ታላቅ ወንድሙ ታምራት ከደቡብ አፍሪካ በሰው እጅ የላከለት። ለጌም የተሠራች ናት አሉ። ቀይ መብራት አላት። አማኑ በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል ጌም ቤት ከፍቷል። ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ ያገናኛታል፣ ጎረምሶች እየከፈሉ ኳስ ይጫወቱባታል። ክቡር ሥራ አስኪያጅ እለዋለሁ። አይስቅም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 7። ከሰዓት።

ታመመች። በጨዋታው መሃል አጥቂው እግሩን እንዳነሣ አየር ላይ ቀረ። ኳሷም ቀረች። ለገበያ የመጡ የፎንቆ ልጆች ቤቱን አናወጡት። «አማኑ፣ ሰውየው ደርቋል እኮ፣ ቃሬዛ አስመጣ!» አለ አንዱ። ከዚያ ተነሥተው ከድር ቤት ሄዱ። ከድር ከመናኸሪያው ጀርባ ፕሌይስቴሽን ያጫውታል።

እኔ ዕድሜዬን በጤና ረዳትነት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ዳንቴሉን ገልጬ የእጄን ጀርባ አስነካኋት። ታቃጥላለች። ትኩሳት ነው፣ ፓራሲታሞል በጥብጠን እንስጣት አልኩ። አማኑ፣ «አባባ፣ ዛሬስ ይተዉኝ» አለ። ድምፁ ደስ አላለኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9።

ለካ ለዚህ ነው። ራት ላይ ሳይሸፋፍን ነገረን። ጌም ቤቱ ከሠራ ይቀመጣል። ካልሠራ ታምራት በሄደበት መንገድ ይሄዳል። ደላላ አነጋግሯል። ጓደኛው ደስታም አብሮ ነው። መኪናው በ22 ይነሣል።

አስቴር ሳህኑን አንሥታ ወጣች። እኔ ቀልድ ፈለግኩ። አላገኘሁም።

ባለፈው ወር ሀቢቾ መንደር ለቅሶ ሄጄ ነበር። ሬሳ የሌለው ለቅሶ። ልጁ በዚያው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ የት እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ የለም። እናቱ ሸሚዙን ታቅፋ ነበር። አማኑ አጠገቤ ተቀምጦ አይቷል። አይቶም ይሄዳል።

እንግዲህ ደብተሬ፣ የልጃችን ነገር በአንዲት ላፕቶፕ ትኩሳት ላይ ተንጠልጥሏል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12።

ጥገና ቤት ሄድን። አማኑ ላፕቶፗን አቅፎ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ሕፃን ልናስከትብ የምንሄድ ነው የሚመስለው። ጠጋኙ ሙሉጌታ ገለበጣት። ብሎኑን ፈታ። ማራገቢያዋ ውስጥ ወረንጦ አስገብቶ ነጭ ክር ሳበ። ሳበ። አሁንም ሳበ። አየር የምትስበው ከሥሯ ነው አለ።

አማኑ እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። አፍንጫዋን በአበባ ዳንቴል ደፍነን ነው ለካ የምንነግድባት።

ለአስቴር ማን ይንገራት? አማኑ ሥራ አለኝ አለ። ነገርኳት። «እኔ እኮ አክብሬያት ነው» አለች። ዳንቴሉን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ምነው ባልቀለድኩ። ስነግራት ሬዲዮኔ ሁለተኛ ካፖርት ይገባዋል ብያት ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 13። ከቅዳሴ በኋላ።

የመጀመሪያው ጨዋታ እንደ ቅቤ። ሁለተኛውም ደህና። ሦስተኛው ላይ በረኛው ተንሳፍፎ ቀረ።

ትናንት ሳልጽፍ የተውኩት ነገር አለ፣ ጨርሼ ተስፋ ላለመቁረጥ። ሙሉጌታ ማራገቢያዋን ካጸዳ በኋላ ብዙ አትጠብቁ ብሎን ነበር። አእምሮዋ፣ ፕሮሰሰር የሚሉት፣ ጉልበታም ነው። የተቀመጠው ግን ቀጭን ገላ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሲበዛባት እንዳትቃጠል ራሷ ፍጥነቷን ትቀንሳለች። መብራት ሄዶ በባትሪ ስትሠራ ደግሞ ከዚያም ትብሳለች። በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮዋ ነው አለ። መድኃኒት የለውም።

አማኑ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥቷል። በበሩ ቀዳዳ አየሁ።

እኔም ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዳገቱ መሃል ላይ እቆማለሁ። ተራራ የማይ እመስላለሁ። እንዳልቃጠል ነው። ተበላሽቷል ብሎ የጣለኝ ግን የለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16።

ተናገርኩ። አማኑ ቀልዱ መጨረሻው ላይ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም።

ያልኩት ይህ ነው፦ የፊት ክፍሉ ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ይቀቅለዋል። ጓሮ እንሰቱ መሃል ያለውን ሳር ቤቴን ውሰድ። የቀን እንቅልፌን የምተኛበትን። እዚያ ጠዋት ጠዋት የእንስራ ውኃ ጥርስ ያማል። በብርዱ ክፈት፣ እኩለ ቀን ላይ አሳርፋት።

አስቴር ምንም ሳትል ተነሥታ አልጋዬን ማውጣት ጀመረች። አማኑ፣ «እርስዎስ የት ሊተኙ ነው?» አለ። «ዳንቴሉ ላይ» አልኩት። ሳቀ። ስንት ጊዜው!

ዓርብ፣ ጥቅምት 18።

ላፕቶፗ ሳር ቤቱ ውስጥ በሁለት እንጨት ላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ አየር ያልፋል። የሥዕሉን ጥራትም ቀነሰላት። ሜዳው ሳር የለውም፣ ተጫዋቾቹ አፍንጫ የላቸውም፣ ይሮጣሉ ግን። የፎንቆ ልጆች ተመልሰው መጡ። «ይሄ በረኛ ፊት የለውም እኮ!» አለ አንዱ። «ጎል ሲገባበት እንዳያፍር ነው» አለ ሌላው።

የቀበሌው ሰውም መጥቶ በአንድ ለአምስት ተደራጅታችኋል ወይ አለኝ። እኛ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ነን አልኩት። ጽፎ ሄደ።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ቤቱ ባዶ ሆነ። አማኑ እሄዳለሁም እቀራለሁም አይልም። ሻንጣው አልጋው ላይ ነው። አልጠየቅኩም። አስቴርም እንዳትጠይቅ ብያታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 22። ጠዋት።

ሚኒባሱ መጣ። ጥግ ላይ ቆመ። መቁጠሪያዬን ይዤ አጥሩ ሥር ተቀምጫለሁ፤ የት እንደደረስኩ አላውቅም። ጡሩምባ። ደስታ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አማኑን በስሙ ጠራው። አማኑ ሳር ቤቱ ውስጥ ነው፣ ማራገቢያዋን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠርጋል። እንደገና ጡሩምባ። አማኑ ቀና አላለም። ሚኒባሱ ሄደ።

አይ። ደብተሬ፣ ቀና አላለም ያልኩት የራሴ ፈጠራ ነው። ቀና ብሏል። ብሩሹን እንደያዘ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ የሞተሩ ድምፅ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ወደዚያው ሲያይ ነበር። እኔን አላየኝም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ።