በአባትህ ስም የተቀመጠው የጋዝ ገንዘብ

ውድ ልጄ ራስል፣

እዚያ ኒውዚላንድ ባለህበት አምላክ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ልጆችህንም ይባርክልህ። እኔ ተመስገን፣ አለሁ፤ ከተማችን ግሪምዝቢ ግን በረዶ ሆናለች።

የቤቱ ማሞቂያ ከመስከረም ጀምሮ ተበላሽቷል። ጋዝ ባልጠቀምም የጋዝ ድርጅቱ ከባንኬ በየወሩ እኩል ይቆርጣል፤ እነሱ ዘንድ የተጠራቀመው ትርፍ ክፍያ አራት መቶ ፓውንድ ደርሷል። ለማሠሪያ ይበቃኝ ነበር፤ የጋዙ ሒሳብ ግን በአባትህ ስም ነው።

«ባለቤትዎ ራሳቸው ይደውሉ» አለችኝ ገንዘቡን መልሱልኝ ብዬ ስደውል ስልክ ያነሳችው ልጅ።

«ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ውይ፣ አዝናለሁ እማማ! ሲመቻቸው ይደውሉልን።»

የሞቱን ምስክር ወረቀት ሦስቴ ብልክም መልሱ ለእሱ መጣ፦ «ውድ ሚስተር ክሊፎርድ ፔል»።

በልጅነትህ ስለ ውሸት የቀጣሁህ እኔ ነኝ። ድምፅህ ግን ቁርጥ የአባትህ ነው። እባክህ ሰኞ ደውልና «ክሊፎርድ ነኝ» በላቸው፤ አምላክ ሁለታችንንም ይቅር ይበለን።

ካፖርት ለብሳ የምትጽፍልህ እናትህ፣
ኢዲት