«ደህና ናት» ብዬ የሞላሁት ፎርም

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ፣ ለምወድሽ እህቴ ለድንቅነሽ፤ ጂዳ፣ ካለሽበት ቤት።

እታለም፣ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ሸሕዲ ድረስ ቢፈለግ ከእኔ የተሻለ የእጅ ጽሕፈት ያለው ሰው አይገኝም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የማታ ትምህርት ያስተማረችን መምህርት ምስራቅ ናት። እርግጥ እሷ ያለችው «ከጫኝና አውራጆች መካከል» ብላ ነው። ከጫኝና አውራጆች መካከል ደግሞ እስከ መጨረሻው የተማርነው እኔና ማሩ ብቻ ነን። ማሩ ግራኝ ስለሆነ የጻፈውን በክንዱ እየጠረገ ነው የሚሄድ። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

እንደምን ከርመሻል? ከተለያየን ጀምሮ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እንቅልፍሽስ? ማዳም እንዴት ናት፣ ልጆቿስ አላስቸገሩሽም? ሙቀቱ እንደኛ ቆላ ነው ወይስ ይብሳል? ትኩሳቱስ እንዴት ሆነ? ይህችን የመጨረሻዋን ለሰላምታ ያህል አይደለም የጠየቅሁሽ። ይህ ሁሉ ወረቀት የመጣልሽ እሷን ብዬ ነው።

እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ብቻውን ቀረ ብለሽ እንዳታስቢ። ማታ ማታ ጎረቤታችን ጋሼ ይድነቃቸው ቤት ነው የምበላው። ሚስታቸው «ብላ እንጂ፣ ያንተ ሆድ የጫኝ ሆድ ነው» እያሉ ሲደራርቡብኝ ሱሪዬ አልቆለፍ ብሎኛል። ከራት በኋላ ልጆቻቸው ደብተራቸውን ይዘው ይከቡኛል፣ አስነብባቸዋለሁ። ሥራውም ደህና ነው። ዘንድሮ ሰሊጡ ቀንቶታል፤ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞልቷል። የሚገርመው፣ ኩንታል የማይከብደው ትከሻዬ እስክሪብቶ ስይዝ ይደክመዋል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በኅዳር መጨረሻ ኢንተርኔት ለአንድ ቀን ብቅ ሲል ቀድተሽ የላክሽው ድምፅሽ በሐጂ አብዱረሕማን ስልክ ገባ። ሐጂ የመጋዘናችን ባለቤት እንደሆኑ ታውቂያለሽ፣ ስልካቸው የእኔም የማሩም ስልክ ነው። ሲመሽ እንደሚያተኩስሽ፣ ግራ ጎንሽ እንደከበደሽ፣ ልብስሽ ሁሉ እንደሰፋሽ ተናገርሽ። የወሩ ሥራ ጋብ ሲል ማዳም ሐኪም ቤት ልትወስድሽ ነው፣ የኢንሹራንስ ካርድ ስላለሽም ችግር የለም አልሽ። መጨረሻ ላይ «አትስጋ፣ ደህና ነኝ» ብለሽ ዘጋሽው። አራት ጊዜ ያሰሙኝ ብዬ ሐጂን ለመንኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስደውልልሽ ስልክሽ ዝግ ነው። አንቺ ስልክ የሚሰጥሽ ዓርብ ብቻ ነው፤ ዓርብ ደግሞ እዚህ ኔትወርክ የለም። እናም ሁለት ሳምንት ሙሉ «ደህና ነኝ» ያልሽውን ይዤ ኩንታል ስሸከም ከረምኩ።

ባለፈው ሐሙስ የሐጂ ባለቤት እማማ መጂዳ የጉዞ ወረቀታቸው ከጎንደር መጣላቸው። እዚያው ጂዳ ያለች ልጃቸው ልትወልድ ስለሆነ ሊጠይቋት ነው። ከቪዛው ጋር ለመንገደኛ የሚገዛ የጤና ኢንሹራንስ አብሮ መጣ፤ ሦስት ገጽ፣ በጀርባው ወደ አማርኛ የተመለሰ። ሐጂ ከሱቃቸው ደጅ ሆነው እንደ ሱዳኖቹ፣ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ተማርኩ እያልክ ጆሯችንን ያደነቆርከው አንተ አይደለህ? ና አንብብልን» ብለው በሰው ፊት ጠሩኝ። እኔም ጆንያ ላይ ወጥቼ እንደ ዳኛ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺ ካርድ አለኝ ስትይ ብሰማም፣ ኢንሹራንስ ማለት እስከዚያ ቀን ድረስ አይሱዙ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለሰውም አለ። በወረዳችን የምናወጣው የጤና መድን ደብተር እዚሁ ጤና ጣቢያ ነው የሚያገለግል፤ ሐጂ እንዳሉት ድልድዩን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት እንኳ አያውቁትም። ይኸኛው ግን ከአገር ለሚወጣ ነው። መንገደኛው በሄደበት አገር ድንገት ቢታመም፣ መኪና ቢገጨው፣ ሆስፒታል ቢተኛ፣ ወጪውን እስከተወሰነ ልክ ድረስ ድርጅቱ ይሸፍናል፤ ከልኩ ካለፈ የራስሽ ነው። በማንኛውም ሆስፒታልም አይደለም፤ የተስማሙባቸው አሉ። ከመተኛትሽ በፊት የሚደወልበት ቁጥር ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ሳይደውሉ ተኝቶ በኋላ ክፈሉልኝ ማለት ጣጣ አለው። ሞት ቢመጣ አስከሬን ወደ አገር ይመልሳል የሚልም አለበት፤ እሱን ዝቅ ባለ ድምፅ አለፍኩት። እማማ መጂዳ ግን ሰምተው ኖሮ፣ «ከፍ አድርገህ አንብብ እንጂ፣ የከፈልኩበት አይደል?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ደረስኩ። ቃል በቃል ገልብጬልሻለሁ፤ «መንገደኛው ከጉዞው በፊት የሚያውቀውን ሕመም ሳይገልጽ ከቀረ፣ ከዚያ ሕመም ጋር ለተያያዘ ወጪ ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። እማማ መጂዳ «እኔ ስኳሬን ነግሬያቸው ጨምረው አስከፍለውኛል። ሐጂ ምን ቆርጦሽ ተናገርሽ ብለው ተቆጡኝ፤ አሁን ስሙ!» አሉ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ከዚያ መስመር አላለፍኩም። «ምነው ያ ዞል፣ ፊደሉ አለቀብህ?» አሉኝ። ወረቀቱን ለማሩ ሰጥቼ ከጆንያው ወረድኩ።

እታለም፣ እስካሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። በግንቦት ጎንደር ኤጀንሲው ቢሮ ስንሄድ አንቺ ለፎቶ ተሰልፈሽ ነበር። ለካ ለኢንሹራንሱም የሚሄደውን ፎርም «አምጪው፣ እኔ እሞላዋለሁ» ብዬ ከእጅሽ ነጠቅሁሽ። ያኔ ፊደል ከጀመርኩ ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። ስምሽን ጻፍኩ፣ ዕድሜሽን ጻፍኩ። ከዚያ «ጤና» የሚል ቃል አየሁ። ቃሏን ስለማውቃት ደስ አለኝ፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለውን ማንበብ አላስፈለገኝም። ሰው ስለ ጤና ሲጠይቅ ምን እንደሚባል የማላውቅ ነኝ? ደግሞ መምህርት ምስራቅ ያን ሰሞን የሰላምታ ደብዳቤ እያለማመደችን ስለነበር ሳልሳሳት የምጽፋት አንዲት ሙሉ ዐረፍተ ነገር እሷ ነበረች። አሳምሬ ጻፍኳት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት። እናንተስ እንደምን አላችሁ?»

የቢሮው ልጅ አይቶ ሳቀ፣ ከጎኑ «የለም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ አንቺን አስፈረመሽ። እኔ በጽሕፈቴ ተደንቆ መስሎኝ አብሬው ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ሰላምታ አልነበረም። «ከዚህ ቀደም የታከመችው ሕመም አለ ወይ?» ነበር የሚለው። አሁን ቅጂውን ከሰማያዊው ፌስታል አውጥቼ አነበብኩት። በዚያው ፌስታል ውስጥ አምና በታኅሣሥ ያ የቆላ በሽታ፣ ካላዛር ይዞሽ አብደራፊ ሐኪም ቤት የተኛሽበት የመውጫ ወረቀትሽ ከሥሩ ተቀምጧል። ሁለቱ ወረቀቶች ሰባት ወር ሙሉ አንድ ላይ ተኝተው እየተዋሹ፣ እኔ በላያቸው ደብተሬን እያስቀመጥኩ አነባለሁ እላለሁ።

ያ በሽታ እንዴት እንደጀመረሽ አትርሺ። ከአረም መልስ ሲመሽ ማተኮስ፣ ግራ ጎን መክበድ፣ ልብስ መስፋት። አሥራ ሰባት ቀን መርፌ ስትወጊ እኔ ደጁ ላይ ዛፍ ሥር ሆኜ በጠጠር እቆጥር ነበር። ስትወጪ ነርሷ ለሁለታችንም የነገረችንን ታስታውሻለሽ፤ አንዳንድ ጊዜ ይመለሳል፣ ትኩሳቱ ከተመለሰ የትም አገር ብትሆኚ መጀመሪያ ካላዛር ታክሜ ነበር በይ ብላናለች። የጂዳ ሐኪም የኛን ቆላ አያውቅም። አንቺ ካልነገርሽው ወባ ነው፣ ጉንፋን ነው፣ ድካም ነው እያለ ጊዜው ያልፍብሻል። ተመልሶ ላይሆንም ይችላል፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ጫኝ ነኝ። እሱን የሚለየው ግን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ደግሞ ከተነገረው ነው።

አንቺን አውቅሻለሁ፣ ስትጠየቂ «ደህና ነኝ» ትያለሽ። ሁላችንም እንዲያ ነን። እናታችን ባረፈችበት ዕለት ጠዋት እንኳ የጠየቃትን ሁሉ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እያለች ነበር፤ የመጨረሻው ጠያቂ ገና ከግቢው ሳይወጣ ነው ለቅሶ የተነሣው። ለጎረቤት ይሁን፣ ለሐኪም ግን አይሆንም እታለም። ለፎርምም አይሆንም።

እንግዲህ እማማ መጂዳ ማክሰኞ ይነሣሉ። በእጃቸው ሦስት ነገር ልኬልሻለሁ። አንዱ ይህ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው የአብደራፊው የመውጫ ወረቀት ነው፣ ሐኪሙ ከመመርመሩ በፊት ስጪው። ሦስተኛው ለኢንሹራንሱ ድርጅት የሚሰጥ ማረሚያ ነው። እኔ በአማርኛ ጽፌ መምህርት ምስራቅ በእንግሊዝኛ መለሰችው፤ ሕመሙን ያልገለጸው እሷ ሳትሆን ፎርሙን የሞላው ወንድሟ ነው ይላል፣ ከሥሩ ፈርሜአለሁ። ያንቺ ኢንሹራንስ የሠራተኛ ስለሆነ ከእማማ መጂዳ ሊለይ ይችላል፤ ካርድሽ ላይ ወዳለው ቁጥር ማዳም እንድትደውልልሽ አድርጊና ጠይቂ። ይቀበሉናል ብዬ አልምልልሽም። ይህን አንከፍልም ሊሉ ይችላሉ። ግን ሆስፒታል ተኝተሽ ራሳቸው ከሚደርሱበት ዛሬ ከኛ ቢሰሙት ይሻላል፤ መምህርት ምስራቅም እማማ መጂዳም ያሉኝ ይህንኑ ነው።

ማዳም ሰምታ ወደ አገርሽ ሂጂ ትለኛለች ብለሽ እንዳትደብቂ። ካለችሽ ነይ። አብደራፊ ያለው መርፌ አሁንም አለ፣ እኔም ጠጠሩን እቆጥራለሁ። አልጋሽ እንዳነጠፍሽው ነው፤ ማንም አልተኛበትም።

አብራሽ ለምትሠራው ለፊሊፒንሷ ሴትዮ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ስሟን ለመጻፍ ሞክሬ ፊደል አልበቃኝም። የምታሳድጊያቸውን ሁለቱን ልጆች ሳሚልኝ፤ አጎት መተማ አለላችሁ በያቸው። ከዚህ መምህርት ምስራቅ ሰላም ትልሻለች። ማሩ በግራ እጁ ሰላም ይልሻል። ሐጂ አብዱረሕማን «አላህ ያሽርሽ» ብለዋል፤ ድምፅሽንም ከስልካቸው አላጠፉትም። ጋሼ ይድነቃቸውና ሚስታቸው ከነልጆቻቸው እንደምን ነሽ ብለውሻል።

ታናሽ ወንድምሽ ቢያድግልኝ
መተማ ዮሐንስ፣ እሑድ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣ ወረቀቱ ከታች ጥቂት መስመር ተርፎታል። መምህርት ምስራቅ ባዶ አትተዉ ትላለች። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ነገር ፈጥሬ ጽፌአለሁ። ጋሼ ይድነቃቸው በመስከረም ቤታቸውን ዘግተው ከነቤተሰባቸው ወደ ሳንጃ ከተማ ሄደዋል። ራቴን ብቻዬን ነው የምበላው። ሱሪዬም ያው አንቺ የምታውቂው ነው፣ በጆንያ ክር እያሰርኩ ነው የምለብሰው። ማታ ቤቱ ጭር ሲል የሰው ድምፅ ለመስማት ብዬ ጆንያ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሌላው ሁሉ እውነት ነው። ደህና አይደለሁም እታለም። አየሽ፣ ከተጻፈ በኋላ ያን ያህል አያስፈራም። አሁን አንቺ ለሐኪሙ ንገሪው።