አብረን ያወረድነው ዜማ

ኅዳር 5/99፣ ማክሰኞ፣ ማታ

ዛሬም ዜማው ወረደ። ሦስተኛው አዝማች ላይ፣ እንደ ባለፈው ሳምንት። ከጀመርንበት ዝቅ ብለን ጨረስን። ኤርሚያስ እጁን ከኦርጋኑ ላይ አንስቶ ያየኛል። ልጁን ከደሴ ያስመጣልን የባህል መምሪያው ነው። ጥሩ ይመታል፣ ምንም አይናገርም፣ ግን ፊቱ ያሳብቃል። ኦርጋን ደግሞ አይለመንም። የጀመረበት ቃና ላይ ይቆያል፣ ሰዎቼ ይወርዳሉ፣ ከዚያ እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ነው።

ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ነው ለኪነት ቡድኑ ልምምድ አዳራሽ የምገባው። ጉሮሮዬ ውስጥ ጠመኔ ያለ ይመስለኛል። ከጨፋ ሮቢት የሚመጡት ዘፋኞች አጨዳ ላይ ናቸው፣ አልመጡም። ከመጡት ወንዶች ገሚሱ ጫት ቅመው፣ ደርቀው። ውኃ ጠጡ እላለሁ፣ ይስቃሉ። ከላይ ቆርቆሮው ይግላል፣ ደጅ የአይሱዙ ጡሩንባ። ትንፋሽ አስለመድኩ። ከንፈር ዘግቶ ማንጎራጎር አስለመድኩ። ሴቶቹን ለብቻ፣ ወንዶቹን ለብቻ፣ እኔው እያወጣሁ። እንዲህ ሲሆን አይወርድም። አንድ ላይ ሲሆን ይወርዳል።

የደሴው ውድድር ሦስት ሳምንት ቀረው። ደክሞኛል ደብተር። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ

አያ ሙሄ አልመጣም፣ ለቅሶ ሄዷል። የቡድናችን አውጪ እሱ ነው፤ እሱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ቡድኑን ያቋቋመ እሱ፣ እኔንም ገና ልጅ ሳለሁ ከየት እንደሚተነፈስ ያሳየኝ እሱ። ዕድሜው ሰባ አልፏል። አባቴን አንቱ እላለሁ፣ እሱን አንተ፤ አንቱ ስለው ስለሚቆጣ ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ አንድ ልምምድ አላጎደለም። የአስር ሰላቱን ሰግዶ ከሁላችን ቀድሞ የአዳራሹ በር ላይ ነው። ቤቱ ባዶ ነዋ።

ሀዋን አውጪ አልኳት። ሀዋ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ድምፅዋ ለመጥራትም ለመዝፈንም አንድ ነው። አወጣች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልወረደም። ደገምን። አልወረደም። ኤርሚያስ ሳቀ፤ ጥርስ እንዳለው ገና ዛሬ አየሁ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔ አያ ሙሄ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቀረ።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

አያ ሙሄ መጣ። ወረደ።

ዛሬ አጠገባቸው እየተዘዋወርኩ አዳመጥኩ። መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነው፣ ረጅሙ ትንፋሽ ላይ። ሳንባ ነው፣ ዕድሜ ነው። ወዲያው ግራና ቀኙ ያሉት ይከተሉታል። ቀጥሎ ከኋላ ያሉት ወንዶች። መጨረሻ ላይ ሴቶቹ። አንድ አዝማች ሳያልቅ ሁሉም ሰው እሱ ጋ ደርሷል፣ እና እርስ በርስ ፍጹም ይስማማሉ። ጆሮ የሌለው ሰው እንዲህ አይወርድም።

ሀዋን ለብቻዋ ይዤ ሲወርድ ትሰሚዋለሽ ወይ አልኳት። ትሰማዋለች። ሌሎቹስ? ሁሉም ይሰማዋል። እና ለምን ትከተሉታላችሁ?

"ኧረ ራህመት፣ አባታችን አይደለም ወይ? እሱ ሲወርድ እኛ እላይ ቆመን እንየው? ወላሂ ነውር ነው።"

ከጾሙ በፊት ጀምሮ ጆሮ ያንሳቸዋል ብዬ ሳደክማቸው ከረምኩ። ለካ ሲያከብሩት ነው። ምን ብዬ ልቆጣ? እኔም ብሆን ይህንኑ ነው የማደርገው።

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ፣ 3፡00 ሰዓት ማታ

የመምሪያው ኃላፊ ቢሮ አስጠራኝ። ኤርሚያስ ነግሮታል፣ አልፈርድበትም። ኦርጋኑ ግድ ነው፣ ዘመናዊ ይሁን ተብሏል። ስለዚህ ሽማግሌው ይቅሩ አለኝ። የምስጋና ወረቀት እናዘጋጅላቸዋለን፣ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ፣ እስከ ሐሙስ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱንም ከላይ ይጠይቁታል። ግን "ትነግሪያቸዋለሽ" ማለት አፍ ላይ እንዴት ይቀላል።

ከልምምድ በኋላ አያ ሙሄ ቤት ሄድኩ። አከም ጅርታ ተባባልን። ልጆቹ ደህና፣ ት/ቤቱ ደህና፣ ማሽላው ዘንድሮ አልሀምዱሊላህ። ጓሮ ወስዶ ፓፓያውን በባትሪ አሳየኝ። የበሰሉትን ሁለቱን ቆርጦ አስታቀፈኝ። ሁለት ፓፓያ የታቀፈ ሰው እንዴት ብሎ እንዲህ ያለ ወሬ ይጀምራል? ይዤ ወደ ቤቴ መጣሁ። ጣፋጭ ናቸው።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

ደግሜ ሄድኩ። ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ፣ መንገዱን ሙሉ ቃሉን እየደገምኩ።

ሬዲዮ እየሰማ ነበር። ቁጭ በይ በእጁ አለኝ። አንድ ቦታ ላይ ዘፋኙን ቃናው ትንሽ አመለጠው፣ እኔ እንኳ ልብ ሳልለው። አያ ሙሄ ፊቱን ቋጠረ፣ "አመለጠው" አለ። እና ሬዲዮውን ዘጋው።

ጆሮው ደህና ነው ደብተር። ከእኔ ጆሮ ይሻላል። ይህን ካየሁ በኋላ ሻይ ጠጥቼ፣ የደገምኩትን ቃል እንደያዝኩ ተነሳሁ።

ታዲያ የራሱን እንዴት አይሰማም? የመስጊዱ ጥግ ስደርስ ገባኝ። በምን ይስማው? እሱ ዝቅ ሲል ሁላችንም ዝቅ ብለን እናገኘዋለን። እንደወረደ የሚያውቅበት አንድ ድምፅ አላስቀረንለትም። ከኦርጋኑ ጋር ሲጋጭ "ይሄ የኤርሚያስ ሳጥን ዛሬም ከፍ አለ" ይላል፣ እኛም እንስቅለታለን። አክብረን ሸወድነው።

ስለዚህ አልነግረውም። አሰማዋለሁ። ሰምቶ ካስተካከለው ኃላፊው ምን ይላል? እንደ ድሮው ብቻ ይስማው እንጂ።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ጠዋት ከክፍል በፊት ለሀዋ ነገርኳት። እሷ ለገበያው ነገረች፣ ስለዚህ ከአያ ሙሄ በቀር ሁሉም ሰማ። ያልኩት ይህን ነው፦ አያ ሙሄ ቢወርድ እናንተ ያዙ። እንዳትከተሉት። ነውር አይደለም፣ እርዳታ ነው። ሀዋ ደስ አላላትም። ግን እሺ አለች።

10፡00 ሰዓት ጀመርን። የጨፋ ሮቢቶቹም መጥተዋል፣ ክንዳቸው ላይ ገለባ እንዳለ። እኔ እንደ ልማዴ በእጄ እየመራሁ አብሬያቸው እዘፍናለሁ። አንደኛው አዝማች ደህና። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው ላይ ረጅሙ ትንፋሽ መጣ። አያ ሙሄ ወረደ።

ያዙ። ወላሂ ያዙ። አንድም ሰው አልተነቃነቀም። አንዳንዱ መሬት መሬት ያያል፣ ሀዋ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ግን ያዙ። የእሱ ድምፅ ከሥር ብቻውን ቀረ። እንዲህ ሻካራ መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር፣ ሌላው ሁሉ ይሸፍነው ነበር። ፊቱን አየሁት። ሰማው። ሊወጣ ሞከረ፣ ትንፋሹ አልበቃውም። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ፈለገኝ።

አልቻልኩም። ብቻውን ልተወው አልቻልኩም። እጄ እላይ እንዳለ ድምፄ ወርዶ እሱ ጋ ሄደ። ሳላስበው ነው። ሰዎቹም እኔን አዩና ወረዱ፣ ሁሉም፣ በአንድ ጊዜ፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው እፎይ እያሉ። ኤርሚያስ ኦርጋኑን አጠፋው።

ያው ቀን፣ ማታ

ቀኑን ጽፌ ዘግቼሽ ነበር፣ ግን ያልጻፍኩት አለ።

ሰው ሁሉ ለመግሪብ ሲበተን አያ ሙሄ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

"ይዘውት ነበር" አለኝ። "ይዘውት ነበር፣ ኢንታላ ኮ። ያወረድሽው አንቺ ነሽ።"

በልጅነቴ ልጄ የሚለኝ በዚሁ ቃል ነበር። አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የተማሪ ደብተር ታቅፌ፣ አስፋልት ዳር። አብሽሪ አለኝ፣ ግን አላባበለኝም። ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ከጾሙ በፊት ጀምሮ አልኩት። ያን ጊዜ ተቆጣ። "ይህን ሁሉ ጊዜ የሚነግረኝ አንድ ሰው ይጥፋ?" አለኝ። እኔ ራሴ እንኳ ገና ባለፈው ቅዳሜ እንዳወቅኩት አልነገርኩትም። ምን ይረባዋል።

ከዚያ ድሮ እንደሚያስተምረኝ አስተማረኝ፣ ቆሜ። የሚመራ ሰው ከቦታው አይነሳም። የጠፋው ፈልጎ የሚመለሰው ወደ እሱ ነው፤ እሱም ከተነሳ የጠፋው ወዴት ይመለሳል? ዛሬ አንቺን ስፈልግ እኔው ጋ መጥተሽ አገኘሁሽ አለኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለው። አልሳቅኩም።

የባቲዋ ልጄ ናፈቀችኝ አለ ደግሞ። ነገ ባቲ ሄዶ እሷ ዘንድ ይሰነብታል፣ ከደሴ እስክንመለስ። ልጁ መጥታ የሄደችው ያለፈው ሰኞ ነው። እንደማውቅም ያውቃል። ሰላም በልልኝ አልኩት። እሺ አለኝ። ሰላት ሊያመልጠው ነው፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ።

መልሼ መላልሼ አሰብኩት። ያለ ኦርጋን እንሂድ ብዬ ኃላፊው ፊት መቆም እችላለሁ። እሱ ግን አይመጣም፣ አውቀዋለሁ። አንዴ ሰምቶታል። ቢመጣም የሚዘፍነው እኛን ደስ ለማሰኘት ይሆናል፣ ያንን ደግሞ እኔ አልቀበለውም።

የምስጋና ወረቀቱ ይቅር ብዬ ለኃላፊው እነግረዋለሁ። ጠዋት መናኸሪያ ድረስ እሸኘዋለሁ። ስለ ዘፈን አናወራም። ከ/ሰዓት ሁሉንም ጠርቻለሁ። የት ሄደ ሲሉኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፣ ያለቅሱ ይሆናል፣ ያልቅሱ። ከዚያ ሀዋ ታወጣለች።

እኔ አልወርድም።