በመሳለም ብዛት ስለተጎዳው መቃን

መጋቢት 19 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ቢያድግልኝ
የታሪካዊ ሕንፃዎች እድሳት አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ያቺ በምርቃቱ ዕለት አቧራችንን ፈርታ ከቅጥሩ ውጭ የቆመችው ነጭ መኪናዎ በመልካም ጤንነት መሰንበታችሁን እመኛለሁ። እኛ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ዳር የምንኖር የሾላ ሜዳ ኪዳነ ምሕረት ምእመናን፣ እርስዎ ካደሱልን ቤተ ክርስቲያን በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ አምደሚካኤል ታረቀኝ እባላለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት ስሠራ የኖርኩ አናጢ ስለሆንኩ፣ የእርስዎን ያህል ባልማርም በር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ደብዳቤዬን በግልጽ ያወጣሁት ከዚህ ቀደም በሦስት የታሸጉ ፖስታዎች የጻፍኩልዎ እስካሁን ስላልተከፈቱ ነው፤ ይህኛው ተከፍቶ የሚደርስዎ በመሆኑ ድካምዎን ይቀንስልዎታል ብዬ አምናለሁ። የምስጋናዬን ምክንያቶች በተራ ቁጥር ያስቀመጥኩትም ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነብ ስለተነገረኝ ነው።

1ኛ. የጥንት ሰዎች ከወይራና ከጽድ ጠርበው ያለ አንድ ምስማር ያገጣጠሟቸውን የእንጨት መስኮቶች አስነቅለው፣ በምትካቸው በአበባ ቅርጽ የተቆረጠ ወርቅ ቅብ የብረት መረብ ስላለበሱልን ከልብ አመሰግናለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ የሚያርሰው ጎረቤቴ አለበል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መረቡን ስትመታው በሬዎቹ እየደነበሩ ከትልም እንደሚወጡበት ነግሮኛል። እኔም እርስዎ በምርቃቱ ንግግርዎ ቅርስ ከሩቅ ጎልቶ መታየት እንዳለበት ማስተማርዎን አስታውሼ፣ ከሩቅ የሚያዩትን በሬዎች አስቀድሞ እንዲያስተምር መከርኩት።

2ኛ. በዚህ ወር መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ያህል የጣለችው ካፊያ መረቡን አጥባው ስትሄድ፣ በነጩ ግድግዳ ላይ ከጣሪያ እስከ መሠረት ቡናማ መስመር አውርዳለች። ወርቅ ሲዝግ በዓይናችን ለማየት በቅተናል፤ ይህ ዕድል የገጠመው ሌላ ደብር መኖሩን አልሰማሁም። ክረምቱ ገና ነው።

3ኛ. በሪፖርትዎ እንደተገለጸው የመረቡ ዓላማ ወፍ እንዳይገባ መከላከል ነው። የመረቡ ቀዳዳ ግን ርግብ ከነክንፏ የምታልፍበት፣ የሰው ከንፈር ደግሞ ወደ ውስጥ የማይደርስበት ሆኖ ተመርጧል። ርግቦቹ ዛሬ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ጎጆ ሠርተዋል፤ ሊሳለም የመጣው ሕዝብ ግን በፊቱ ላይ የአበባ ቅርጽ ታትሞበት ይመለሳል። ይህን ያህል የተጣራ ምርጫ በአጋጣሚ ይገኛል ብዬ ስለማላምን፣ የባለሙያዎችዎን ችሎታ አደንቃለሁ።

4ኛ. እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያንሰኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አስተዳዳሪያችን መምሬ ወልደ ሩፋኤል፣ መጀመሪያ ፈርመው በኋላ ያነበቡትን ሪፖርትዎን አውሰውኝ ነበር። በገጽ አሥራ አንድ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የደቡብ በር፣ የግራ መቃን። የጉዳቱ ዓይነት፦ በመሳለም ብዛት መሰርጎድ። ጥልቀት፦ አራት ሴንቲ ሜትር። የተወሰደ እርምጃ፦ ተነቅሎ በጌጠኛ መረብ በተሸፈነ የብረት ቋሚ ተተክቷል።»

ክቡር ሆይ፣ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ምስጥ አይልም፣ ዝናብ አይልም፣ እሳት አይልም፤ መሳለም ይላል። የደቡቡ በር የሴቶች መግቢያ ስለሆነ፣ ጉዳት አድራሾቹ እናቶቻችን፣ ከእነሱም በፊት የእነሱ እናቶች መሆናቸው ነው። ወይራ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የእኔ መጥረቢያ ያውቃል። ከንፈርና መዳፍ ያንን እንጨት አራት ሴንቲ ሜትር እስኪያጎደጉዱት ድረስ ስንት ሴት ስንት ዓመት ደጅ እንደጠናች ለመጠየቅ፣ ከባለሙያዎችዎ አንድ እንኳ አፉን አልከፈተም። ሜትራቸውን ግን ዘርግተዋል። እኔ ይህን ሳነብ ተናድጃለሁ፤ በጨዋ ቃል ልሸፋፍነው ብሞክርም አልሆነልኝም።

እማሆይ ወለተ ኪዳን የሚባሉ መነኩሴ በቅጥሩ ውስጥ ይኖራሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ይሁን እንጂ በእነዚያ ሃያ ዓመታት ማንም እጃቸውን ይዞ ወደ ቅዳሴ አስገብቷቸው አያውቅም፤ ግድግዳውን እየዳሰሱ ይመጡና መዳፋቸው እዚያ ስርጉድ ላይ ሲያርፍ፣ ተሳልመው በደቡቡ በር ይገባሉ። እርስዎ ባስመረቁ በአራተኛው ቀን፣ እሁድ ጠዋት፣ አንዱን በር ቢዳስሱ ብረት ሆነባቸው። ዞረው ሌላውን ቢዳስሱ ያው ብረት፣ ያው አበባ። ሦስት ጊዜ ዞሩ። በመጨረሻ ደፍረው የገቡበት በር የወንዶች ነበረ፤ በመኻከላችን ቆመው ያ ሁሉ የወንድ ድምፅ ሲያዜም ሲሰሙ የተሰማቸውን እፍረት እኔ ከፊታቸው አየሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደጀ ሰላሙ አያልፉም። ጎረቤታቸው የብርጓል እጃቸውን ይዛ ላስገባዎት ብትላቸው፣ «ለቤቴ መሪ አልሻም፤ ቤቱ ግን ጠፋብኝ» አሏት። ይኸው አምስተኛው እሁድ በዐቢይ ጾም መኻል ትናንት አለፈ፣ እሳቸውም አልቆረቡም። ዕድሜያቸው ከሰማንያ በላይ ነው፤ ስንት እሁድ እንደቀራቸው እርስዎም እኔም አናውቅም።

በር መሳሳት ለእርስዎ እንግዳ ነገር አይደለም። በምርቃቱ ዕለት ሪባን የቆረጡት፣ ገብተው ንግግር ያደረጉት፣ በጭብጨባ ታጅበው የወጡትም በሴቶች በር ነበር። ሁለት ጤነኛ ዓይንና አንድ መነጽር እያለዎት ሦስቱን በሮች መለየት ቢያቅትዎ፣ እንግዳ ላለማሳፈር ብለን ዝም አልን። እማሆይ ግን ስለ እርስዎም ጭምር እስካሁን እያፈሩ ነው።

5ኛ. መቃኑ ይመለስልን። ጸሐፊዎ «ለማገዶ ውሏል» ብላኛለች፤ እኔ ግን ወይራ የሚያቃጥል ሰው ወይራ መሆኑን ያውቃል ብዬ ስለማስብ፣ ባለሙያዎችዎን በዚህ አልጠረጥርም።

የጻፍኩት ሁሉ ከክብርዎ ጋር የማይመጣጠን ቢሆን፣ እኔ ከጫማዎ ሥር ያለሁ አቧራ፣ ያውም መኪናዎ የፈራችው አቧራ መሆኔን አስበው እንዲታገሡኝ እየለመንኩ፣ ለወደፊቱም የሚያድሱት ነገር እንዲያጥርብዎ፣ ዕድሜዎ ግን እንዲረዝም ዘወትር እጸልያለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አምደሚካኤል ታረቀኝ
አናጢ፣ ሾላ ሜዳ

ማስታወሻ፦ መጋቢት 26 ቀን። ይህን ደብዳቤ ባለፈው ማክሰኞ በእጄ ላደርስ ብመጣ፣ ለመስክ ሥራ ወጥተዋል ተባልኩ። ለካ መቃኑ አልተቃጠለም፤ በግቢዎ በር ላይ የዘበኛውን የዝናብ መጠለያ ደግፎ ቆሟል። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ ከእሱ የሚረዝም ቀጥ ያለ ባህር ዛፍ አምጥቼ በቦታው ተከልኩና ወይራውን ወሰድኩ። ዘበኛውን አይቅጡት፤ እሱ ያደረገው ቢኖር መቃኑን ከመሸከሜ በፊት መሳለም ብቻ ነው፤ ያም ከገጽ አሥራ አንድ ጉዳት ላይ የሚጨመር ይሆናል።

ሐሙስ የብረት ቋሚዎን ነቅዬ መቃኑን መለስኩት። ትናንት እሁድ እማሆይ በየብርጓል ልመና አንድ ጊዜ ብቻ ሊዳስሱ መጡ። መዳፋቸው ስርጉዱን ሲያገኝ ብዙ ቆሙ፤ ከዚያ ተሳልመው ማንም ሳይመራቸው ገቡ፤ ቆረቡም።

ከቋሚው የወጣውን መረብ አልጣልነውም፤ የመንግሥት ንብረት መሆኑን እናውቃለን። የብርጓል ሁለት ጊዜ አጥፋ የዶሮ ቤቷን ደጅ ጋርዳበታለች፤ ከሐሙስ ወዲህ ጭልፊት አንዲት ጫጩት አልነጠቀም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሪፖርትዎ መረቡ የጥበቃ ዓላማውን ሙሉ በሙሉ እንዳሳካ ያለ ሐሰት መጻፍ ይችላሉ። ለምርቃቱ ከመጡ ደግሞ አይጨነቁ፤ የዶሮ ቤቱ በር አንድ ብቻ ነው።