ስለ እናትሽ ንገሪኝ

የቤቴ ዓለም አስካለ፤

ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለት ፍልሰታ ጾምኩ። ሁለቱንም ከልጃችን ከምሕረት ጋር ነው የጾምኩት። አሁን መስቀል እየደረሰ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ግን እኔና የሽመና ዕቃዬ ብቻ ነን። ልጅሽ ሄዳለች። ክፉ ነገር እንዳይመስልሽ፣ ለትምህርት ነው፤ ባሕር ማዶ።

የጻፈችለት ዩኒቨርሲቲ ከፋሲካ በኋላ መለሰላት። ውጤትሽ ጥሩ ነው፣ ወጪሽንም እንችልልሻለን፣ ነገር ግን ከውጭ አገር የሚመጣ ተማሪ ሁሉ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ አለበት፣ ያላለፈ አይገባም ይላል። ገረመኝ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ አይደል እንዴ የተማረችው? እሷ ግን፣ አባባ፣ ማንበቡንና መጻፉን አልፈራም፣ ፈረንጅ ፊቴ ተቀምጦ ሲጠይቀኝ መመለሱን ነው የምፈራው አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚህ በቀጨኔ አቀበት ማን በእንግሊዝኛ ያዋራታል?

ፈረንጁ እኔ ሆንኩልሽ። አትሳቂ። ማታ ማታ ከሽመናው ጉድጓድ ወጥቼ፣ ያንን የክት ኮቴን ለብሼ በርጩማ ላይ እቀመጥላት ነበር። አንድ ጥያቄ በቃሌ አስጠናችኝ፤ ቴል ሚ አባውት ዩር ማዘር። ስለ እናትሽ ንገሪኝ ማለት ነው። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ከምትለው ሁሉ የሚገባኝ ስምሽ ብቻ ነበር። አስካለ ስትል ቀና እላለሁ። አንዳንዴ ፈገግ ትላለች፣ አንዳንዴ ድምፅዋ ይሰበራል፤ እኔም ምኑ ላይ እንደደረሰች ሳላውቅ ዓይኔ እንባ ያቀራል። አንቺ መስኮቱ ሥር ጥጥሽን እየፈተልሽ እሷ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ስታነብ፣ "እስቲ እንደ ፈረንጅ በአፍንጫሽ አንብቢልኝ" እያልሽ የምታስቂን ይመጣብኛል።

የፈተናው ቀን ሲነገረን ደነገጥን። ሙት ዓመትሽ የሚወጣበት ዕለት ሆኖ ተገኘ። ተዝካሩን ወደ ሌላ ቀን እናዛውረው ብል እህትሽ በላይነሽ ተነሣችብኝ። "የሞት ቀን ይዛወራል እንዴ? እናቷን ጥላ ፈረንጅ ጋ ልትለፈልፍ! አንተም አባት ሆነህ ዝም ትላለህ?" አለችኝ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እቀራለሁ አለች። ሂጂ አልኳት።

ማለዳ ለፍትሐቱ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ብቻዬን ሄድኩ። እንዲቀናት ልጸልይ ከንፈሬን ስከፍት፣ ካለፈች እኮ ትሄዳለች የሚል ሐሳብ ቀደመኝ። እንድትወድቅም አልለመንኩ፣ እግዜር ያውቃል። ፈቃድህ ይሁን ብዬ ወጣሁ። ከእምነት ይሁን ከፍርሃት እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። አንቺ ብትኖሪ ፊቴን ዓይተሽ ትነግሪኝ ነበር።

ምሕረት ስትመለስ እንግዳው ገና አልተበተነም። በላይነሽ ፊቷን አዞረችባት። ልጅቷ ግን ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጥታ፣ "አባባ፣ ያንተኑ ጥያቄ ጠየቀኝ" አለችኝ። ይኸኔ በላይነሽ ዞር አለች። "ምን ብለሽ መለስሽ?"

እዚያው ቆማ ሁሉንም በአማርኛ ደገመችው። ስለ ጥጥሽ፣ እያነበበች ስታንጎላጅ በእንዝርትሽ ጉልበቷን መታ ስለምታደርጊው፣ ሆስፒታል ተኝተሽ እንኳ እኔን ትተሽ ትምህርት ቤት ሂጂ ብለሽ ስላባረርሻት። ስንት ማታ ሳይገባኝ የሰማሁት ያን ጊዜ ገባኝ። በላይነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣

"ታዲያ ፈረንጁ ነፍስ ይማር አለ?" አለቻት።

"አመሰግናለሁ ብሎ ነው ያሰናበተኝ፣ እታባ።"

"ይሁን። የነሱ እንደዚያ ይሆናል" አለችና ከዳቦው ትልቁን ቆርሳ ሰጠቻት። ሰው እያለቀሰ ሳቀ። አንቺም ብትሰሚ ትስቂ ነበር።

በፍልሰታ ማለፏ ተነገረን። የመውጫ ፈቃዱ ትንሽ አመላለሰን፣ እሱም ተገኘ። አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛት ያንቺን ነጠላ ደርባ ነበር፤ ትሂድበት ብዬ ሰጠኋት፣ እንዳትቀየሚኝ።

የቀረው ኑሮ ያው ነው። ስኳር በቀበሌ ወረፋ ነው። ጣራው አሁንም አልጋሽ ራስጌ ላይ ያፈሳል፤ ሳህኑ ከሥሩ ነው፣ የሚደፋው ግን እኔ ነኝ። በላይነሽ እሑድ እሑድ ወጥ ይዛልኝ ትመጣለች፣ ተናግራኝም ትሄዳለች።

ከዚያ በኋላ ይመሻል። የሰዓት እላፊው ሲቃረብ ደጁ እግር አይሰማበትም። እኔም ሳላውቀው ኮቴን ለብሼ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ራሴን አገኘዋለሁ። ጥያቄውን እጠይቃለሁ። ጥያቄውን እንጂ ሌላ እንግሊዝኛ አላውቅም። ፊት ለፊቴ ማንም የለም። እንግዲህ ልጅሽ የተጠየቀችውን እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ። ትናንት፣ ድሮ ከቁስቋም ስንወርድ ዝናብ ይዞን፣ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ እየሮጥሽ እኔ ስንሸራተት ቆመሽ የሳቅሽብኝን ተናገርኩ። ዛሬ ደግሞ ሌላ አለኝ።

መድኃኔዓለም ነፍስሽን ያሳርፍ። ወደ አንቺ እስክመጣ ድረስ አንድ ማታ እንኳ ሳልጠይቅ፣ አንድ ማታ እንኳ ሳልመልስ አልተኛም።

ባልሽ ተሰማ
ጉለሌ