ከዋርካ ዳር እስከ መካኒሳ አቦ፦ የአቶ ወጋየሁ ገሠሠ ሕይወትና ቀላሏ ጀልባ

በ1944 ዓ.ም. ቆቃ ላይ ሐይቅ አልነበረም። ዛሬ ውሃ በተኛበት ሜዳ ላይ አዋሽ እየተጠማዘዘ ይወርድ ነበር። ከወንዙ ዳር ዋርካ ዳር የምትባል አሥራ ሰባት ጎጆ ያላት መንደር ነበረች። ከመንደሯ ከፍ ብሎ በግራር የተከበበ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ነበር። ከደጀ ሰላሙ የወጣ ሰው ቀና ሲል የዝቋላ ጫፍ ከአንዲት ትንሽ ኮረብታ ግራ ትከሻ ላይ ብቅ ብሎ ይታየዋል። ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ ወጋየሁ ገሠሠ ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነቡ ወልደ ማርያም ጥር 9 ቀን 1944 ዓ.ም. በዚህች መንደር ተወለዱ።

እናታቸው በ1949 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ዐርፈው ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀበሩ። በ1952 ዓ.ም. ግድቡ ተሠርቶ ሲያልቅ የመንደሩ ሰው እንዲነሳ ተነገረው። ታቦቱ በክብር ወጥቶ ወደ ከፍታው ተወሰደ፤ የጎጆ ምሰሶ ሳይቀር ተነቅሎ ተጫነ። መቃብሮቹ ግን እንደነበሩ ቀሩ። አቶ ወጋየሁ ሲያስታውሱ ውሃው እንደ ጎርፍ አልመጣም ይሉ ነበር፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ወጣ፤ አንድ ቀን ጠዋት ሲያዩ ከግራሮቹ ጫፍ በቀር የሚታይ አልነበረም።

በ1956 ዓ.ም. የእናታቸው የሰባት ዓመት ተዝካር ሲደርስ አባታቸው እሳቸውንና አንድ ካህን ይዘው ወደ ቦታው ሄዱ። ካህኑ ከሐይቁ ዳር ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ጸሎተ ፍትሐቱን አደረሱ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ የአባታቸውን ጋቢ ጎተት አድርገው፣ «አባዬ፣ በጣም ሩቅ ነው እኮ፤ እማዬ አትሰማም» አሉ። አባታቸውም «እግዜር ይሰማል» ሲሉ መለሱላቸው። መልሱ ለአባትየው በቂ ነበር፤ ለልጅየው ግን አልሆነም።

ቤተሰቡ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ኑሮውን አዲስ አበባ፣ ጎፋ አካባቢ መሥርቶ ነበር። አባታቸው በንፋስ ስልክ መንገድ በሚገኝ ፋብሪካ በጥበቃ ሥራ ተቀጠሩ። አቶ ወጋየሁ የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አካባቢ ተከታትለው፣ በእንጨት ሥራ ሙያ ሠልጥነው በ1964 ዓ.ም. ተመረቁ። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህር ሆነው አገልግለዋል። የተማሪ ሥራ ሲያርሙ ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን በመጋጠሚያው ላይ ያስኬዱ ነበር። ጣታቸው ከቆመ ተማሪው ሥራውን ፈትቶ እንደገና ይጀምራል።

በ1971 ዓ.ም. ከልብስ ስፌት ባለሙያዋ ከወይዘሮ ውብነሽ አሰፋ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ራኬብንና ልዑልቃልን አፍርተዋል። በ1983 ዓ.ም. መካኒሳ አቦ ቤት ሠርተው ገቡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ከዚህ ሰፈር አልተለዩም።

አባታቸው አቶ ገሠሠ በ1969 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት የእናታቸውን መቃብር ቦታ በሁለት ምልክት አሳይተዋቸው ነበር። አንደኛው የዝቋላ ጫፍ ከትንሿ ኮረብታ ግራ ትከሻ ጋር የሚገጥምበት መስመር ነው። ሁለተኛው በስተምሥራቅ ያለው ነጭ ገደል ከኋላው ካለው ተራራ ጫፍ ጋር የሚገጥምበት መስመር ነው። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ደጀ ሰላሙ ነው። አቶ ወጋየሁ ይህን ለብዙ ዘመን በልባቸው ይዘው ቆዩ። አንድ ጊዜ የሞተር ጀልባ ተከራይተው ሞክረው ነበር፤ ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረም ሞተሩን ጠፍሮ ይዞ መለሳቸው። የዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባም ከባድ ስለሆነ በእምቦጩ ላይ አይገፋም። ስለዚህ ጡረታ በወጡ ማግሥት፣ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ተሸክሞ ጭቃውን የሚሻገራት፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ጀልባ በግቢያቸው መሥራት ጀመሩ። አንዱ ሰው እሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛው ካህን ነው።

ለጠየቃቸው ሁሉ ግን «ለዓሣና ለዳክዬ አደን ነው» ይሉ ነበር። ወይዘሮ ውብነሽ ይህን አላመኑም። «ዓሣውስ ይሁን፤ ዳክዬውን ማን ሊበላልህ ነው? ቤታችን ውስጥ ዳክዬ የሚበላ ሰው አለ?» ሲሏቸው አቶ ወጋየሁ መዶሻቸውን አስቀምጠው እውነቱን ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ዳክዬ የጠየቀ ጎረቤት ሁሉ መልሱን የሚያገኘው ከወይዘሮ ውብነሽ ከራሳቸው ነበር፤ «አዎ፣ ዳክዬ እንወዳለን» ይላሉ።

የመጀመሪያዋ ጀልባ በ2005 ዓ.ም. አለቀች። እንደ ጥሩ የቤት ዕቃ ተጋጥማ፣ በኮላ ተጣብቃ፣ በቫርኒሽ አብረቅርቃ አርባ ስድስት ኪሎ መዘነች። ቆቃ ዳር የሚኖሩት ዓሣ አስጋሪ አቶ ሁንዴሳ ለመሸከም አገዟቸው። ገና ጉልበት በሚደርስ ውሃ ላይ እያለች የአናጢ ኮላው ሟሟና መጋጠሚያዎቿ አንድ በአንድ ተከፈቱ። አቶ ሁንዴሳ ሳንቃዎቹን ከውሃው እየለቀሙ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቁም ሣጥን ነው! ሐይቁ ልብስ ይሰቅልበታል ብለው ነው?» አሏቸው። ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመት መጋጠሚያ ያስተማሩት ሰው ያን ቀን ሳንቃዎቹን ተሸክመው ወደ ቤት ተመለሱ።

መፍትሔው የመጣው ከስፌት መኪናው በኩል ነው። ወይዘሮ ውብነሽ ቀሚስ እየሰፉ፣ «ምን ምስማርና ኮላ ታበዛለህ? ስፋው እንጂ» አሏቸው። አቶ ወጋየሁ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያም ተነሥተው ወጡ። ቀጭን ኮምፔንሳቶ በልብስ ልክ አወጣጥ ቆርጠው፣ ጠርዙን በስተው፣ በመዳብ ሽቦ ሰፉት። ስፌቱን ጎፋ ያሉ ጋራዦች የመኪና አካል በሚጠግኑበት ፋይበር ከውስጥም ከውጭም ሸፈኑት። በሁለቱም ጫፍ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲኮችን ክዳናቸውን አጥብቀው ጠቀጠቁ፤ ብትገለበጥ እንኳ እንዳትሰምጥ ነው።

ይህች ሁለተኛዋ ጀልባ ገና ሳትቀባ በሁለት የአናጢ ፈረስ ላይ ተኝታ ሳለች፣ ወይዘሮ ውብነሽ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገቡ። እዚህ ላይ የሆነውን እዚህ የቆማችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ጎረቤት በአጥር በኩል አይተው ረጅም፣ ጠባብ፣ ጫፉ የሾለ ሣጥን ግቢው ውስጥ መኖሩን ተናገሩ። የቤቱ እመቤት ደግሞ ከታዩ ሰንብተዋል። የዕድራችን ዳኛ አቶ ደምሰው የድንኳን ብረት በጋሪ አስጭነው፣ ሴቶቹም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ። አቶ ደምሰው፣ «ጋሽ ወጋየሁ፣ እግዜር ያጽናዎት፤ ግን ምነው? ዕድር ያለው ሰው ሣጥን ራሱ ይሠራል እንዴ?» ብለው ወቀሷቸው። ይህን እያሉ ታክሲ በሩ ላይ ቆመና ወይዘሮ ውብነሽ በራኬብ ተደግፈው ወረዱ። «ማን ሞተ?» አሉ። ነገሩ ሲገባቸው ወደ ጀልባዋ ጠጋ ብለው በስንዝራቸው ለኩና፣ «ለእኔ ከሆነማ ጠቦኛል፤ አስፋው» አሉ። የመጣው ሰው ሁሉ እየሳቀ ተቀመጠ፤ ሳይበላም አልሄደም።

ጀልባዋ ተቀብታ ስታልቅ በሰፈሩ ወፍጮ ቤት ሚዛን ሃያ አንድ ኪሎ ሆነች። አቶ ወጋየሁ በትከሻቸው አድርገው ከወፍጮ ቤት እስከ ግቢያቸው ማንም ሳያግዛቸው አመጧት።

የቀረው ካህን ነበር። የነፍስ አባታቸው ቀሲስ ሚሳኤል ሐሳቡን ወደዱት፤ ውሃውን ግን ፈሩት። «እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ ከጠበል በቀር ውሃ ገብቼ አላውቅም» አሉ። አቶ ወጋየሁም «አባታችን፣ ሆዷ ሙሉ ሃይላንድ ነው፤ ብትገለበጥም አትሰምጥም» ብለው አስረዱ። ቀሲስም፣ «እሷስ አትሰምጥም፤ እኔስ?» አሉ። ቢሆንም ግንቦት 2008 ዓ.ም. መስቀላቸውን ይዘው፣ በአቶ ሁንዴሳ እጅ ተደግፈው ገቡ።

ነፋስ የሌለበት ጠዋት ነበር። ጀልባዋ ሁለቱን ሰዎች ይዛ አራት ጣት ብቻ ጠለቀች፤ በእምቦጩም ላይ እየተንሸራተተች አለፈች። አቶ ወጋየሁ ዝቋላ ከኮረብታዋ ግራ ትከሻ ላይ እስኪቀመጥ ቀዘፉ፤ ከዚያ ነጩ ገደል ከተራራው ጫፍ ጋር እስኪገጥም መስመሩን ይዘው ሄዱና ቆሙ። ቀሲስ ሚሳኤል ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ አንድ እጃቸው የጀልባዋን ጠርዝ እንደያዘ፣ ጸሎተ ፍትሐቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደረሱ። አቶ ወጋየሁ ጸሎቱ ሲያበቃ ውሃውን እያዩ፣ «አሁን ቅርብ ነው፤ ትሰማለች» አሉ። ከጸሎቱ በኋላ ድንጋይ የታሰረበት የቲማቲም ጣሳ በገመድ ወደ ታች ሰደዱ። ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ከሃያ ነበር። ጣሳው ጥቁር ጭቃ ይዞ ወጣ። ቦታው በትክክል መቃብሩ ነው ብለው ተናግረው አያውቁም፤ ቢሳሳት ከአሥር ሜትር አይበልጥም ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እስከ 2015 ዓ.ም. በየግንቦቱ ከአቶ ሁንዴሳ ዘንድ እየሄዱ ቀዝፈዋል፤ ዓሣም አጥምደው ለጎረቤት አካፍለዋል። ዳክዬ አንድም ቀን አልገደሉም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውብነሽን፣ ልጆቻቸውን ራኬብንና ልዑልቃልን፣ የልጅ ልጃቸውን ጸደንያን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችሁ፣ ዛሬም በእውነተኛው ሰዓት ድንኳኑን ይዛችሁ ለደረሳችሁ የዕድራችን አባላት፣ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ኖኅን ከነቤተሰቡ በውሃ ላይ ጠብቆ ያሻገረ አምላክ የአቶ ወጋየሁን ነፍስ ወደ ዕረፍት ዳር ያድርስልን፤ የቀሩትንም ያጽናልን።

አስከሬናቸው ዛሬ በመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ወደ መቃብር ሲወርድ፣ እንደ ኑዛዜአቸው ልጃቸው ልዑልቃል በጣሳው የወጣውን የዋርካ ዳር አፈር ከራስጌያቸው ያኖራል። አፈሩ ደርቆ ሲመዘን ስምንት መቶ አርባ ግራም ነው።